ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ፦ ለባልና ሚስት የሚሆን የአንድ ቅዳሜ ጉዞ

ባለፈው ቅዳሜ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ? ብዙዎቻችሁ “እንጃ፣ አላስታውስም” እንደምትሉ እገምታለሁ። የአብዛኞቻችን ቅዳሜ የታወቀ ነው፤ ማለዳ የጸሎት ፕሮግራም፣ ከዚያ ገበያና የልብስ አጠባ፣ ቀትር ላይ ልቅሶ ወይም ሠርግ፣ ወደ ማታ የመዘምራን ልምምድ ወይም የሽማግሌዎች ስብሰባ። እሑድ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ የአምልኮው ዝግጅት ይጀምራል። ሁሉም መልካም ነው፤ ሁሉም የሚገባ ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆመው አንድን ነገር የሚመለከቱበት፣ የሚደነቁበትና የሚጨዋወቱበት ሰዓት የት አለ?

ስንነጋገርም ርእሳችን አንድ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዘይት ዋጋ። እነዚህን ማንሣት ግድ ነው። ሆኖም ከዓመት እስከ ዓመት ከእነዚህ በቀር ሌላ ጨዋታ የሌለበት ቤት ውሎ አድሮ እንደ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ሥራው ይሠራል፣ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ፍቅሩ ግን ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። ጌታችን ኢየሱስ እንኳ ሐዋርያቱ ከሰው ብዛት የተነሣ እንጀራ ለመብላት ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ለብቻቸው ዞር ብለው ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ነገራቸው ማርቆስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 31 ላይ እናነባለን። አገልጋይ ማረፉ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ጌታ ይህን ባላዘዘ ነበር።

“ታዲያ ለመዝናናት ገንዘብ ከየት ይምጣ?” ትሉ ይሆናል። ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። ዛሬ ላሳያችሁ ያሰብኩት መንገድ ግን ከታክሲ ሒሳብ፣ ከጥቂት የሙዚየም መግቢያና ከሁለት ስኒ ሻይ ብዙም የማያስወጣ ነው። አዲስ አበባ የምትኖሩ በየዕለቱ በሚኒባስ የምታልፉበት፣ ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ደግሞ ለጉባኤ ወይም ለሕክምና ስትመጡ የምታዩት መንገድ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ በኩል ወደ አራት ኪሎ ይወርዳል። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበት የደከማቸውም አይቸገሩበትም።

ከሐውልቱ እንጀምር

ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመውን ረጅም ነጭ ሐውልት የማያውቅ የለም። ቆም ብሎ የተመለከተው ግን ጥቂት ነው። ይህ የየካቲት 12 የሰማዕታት መታሰቢያ ነው። 28 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የሠሩትም አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። በሐውልቱ ዙሪያ ያሉት የነሐስ ቅርፆች በ1929 ዓ.ም. በፋሽስት ጣልያን ወታደሮች በከተማው ሕዝብ ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋና ሐዘን ያሳያሉ።

ታሪኩን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ከዚሁ አደባባይ አጠገብ በሚገኘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው መዓት ለመስማት እንኳ ይከብዳል። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ቅርፆቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ቀራፂው የሰውን ሐዘን በነሐስ ላይ እንዴት እንዳኖረው አስተውሉ። ከዚያም እዚያው ቆማችሁ ስለ አገራችን ሰላም አጭር ጸሎት ብታደርጉ ቦታው ራሱ ይጋብዛችኋል። ለዚህ የሚከፈል ምንም ነገር የለም።

ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ

ቀጥሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ግቡ። መታወቂያ መያዝ አትርሱ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ገነተ ልዑል የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተካሄደው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በዚያ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ በውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሞ ታያላችሁ። ጣልያኖች የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ፋሽስቶች በሮም ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንድ ዓመት ይቆጥር ነበር። ደረጃው ወደ የትም አያደርስም፤ ለኩራት ብቻ የተሠራ ነው። ከድል በኋላ አናቱ ላይ አንድ ትንሽ የድንጋይ አንበሳ ተቀመጠበት፤ ቆጠራውም በዚያው ቀረ። ባልና ሚስት አጠገቡ ቆማችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁበት የሚያስተምር ነገር ነው። እኛስ በቤታችን ለማን እንታይ ብለን የምንሠራው፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ይኖር ይሆን?

ሙዚየሙ አነስተኛ መግቢያ ያስከፍላል፤ ነገር ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ማየት ይገባችኋል። ዕቃዎቹ የተደረደሩት እንደ ሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ይጀምሩና በጉልምስና አልፈው እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ይሄዳሉ። በየብሔረሰቡ ልጅ እንዴት እንደሚታዘል፣ ወጣት እንዴት እንደሚዳር፣ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀበር ያሳያሉ። “በእናንተ አገር ሽምግልና እንዴት ይላክ ነበር? አያትሽ እንዴት ተዳሩ?” የሚል ጨዋታ ሳታስቡት ይመጣል። ከተለያየ ብሔረሰብ ለተጋባችሁ ባለትዳሮች ይህ ክፍል ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎችም እዚያው ይታያሉ።

በዚህ ግቢ ስታልፉ አንድ ሌላ ታሪክም አስታውሱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ተማሪዎች መካከል የተነሣው መነቃቃት ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታላቅ በረከት ነበር። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን ከመሠረቱት ወጣቶች መካከል ከዚያ ትውልድ የወጡ ይገኙበታል። ዛሬ በነፃነት የምንዘምረው እነርሱ በጸሎት ስለ ተጉ ነው።

በስደት ያረፈው ሠዓሊ፣ አገሩ የገቡት ሥዕሎች

ስድስት ኪሎ አካባቢ ብዙ ምእመናን ገብተውበት የማያውቁት ሌላ ቤት አለ፤ በሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የገብረ ክርስቶስን ሥራዎች ከማሳየቱም በላይ የዘመናችንን ሠዓልያን ዐውደ ርእዮች ያስተናግዳል።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። እርሱ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ተምሮ ሲመለስ በአገራችን ያልተለመደ የአሣሣል ስልት ይዞ መጣ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ። “ጎልጎታ” የተሰኘው እ.ኤ.አ. የ1963 ሥራው ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ የጌታን ስቅለት በለመድነው የሥዕል መልክ ሳይሆን በቀለምና በቅርፅ ይናገራል። አንዳንድ ሰው ሲያየው “ምኑ ነው የሚገባው?” ብሎ ያልፋል። ጥቂት ታግሦ የሚቆም ግን ከቀለሙ ውስጥ የመስቀሉ ጭካኔ ብቅ ሲልበት ይሰማዋል።

የሰውየው ሕይወት ራሱ ልብ ይነካል። “አገሬ” በሚለው ግጥሙ የአገር ፍቅሩን ሕዝብ በቃሉ ያጠናለት ገጣሚ፣ በደርግ ዘመን ተሰድዶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ አረፈ። እርሱ ሳይመለስ ቀረ፤ በጀርመን የነበሩ ሥዕሎቹ ግን አገራቸው ገቡ። ከቤተ ሰቦቻችሁ መካከል በዐረብ አገር፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ያለ ሰው ካለ፣ በዚያ ክፍል ስትቆሙ ስሙን መጥራታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ሳታፍሩ ጸልዩለት።

“ሥዕል ለአማኝ ምን ይጠቅማል?”

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በየቤተ ክርስቲያናችን ከልባቸው የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። “የተቀረጸ ምስል አታድርግ ተብለን የለም ወይ? ሥዕል ማየት ዓለማዊነት አይደለም ወይ?” ይላሉ። ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ቃሉን እናክብር።

በዘፀአት ምዕራፍ 20 የተከለከለው ምስል ሠርቶ መስገድና ማምለክ ነው። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 31 ላይ ግን እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ፣ እንጨትና ድንጋይም ይቀርጽ ዘንድ በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን። በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዘንባባ ዛፍና የፈነዳ አበባ ተቀርጾ ነበር፤ ዓምዶቹም በሮማን ፍሬ ቅርፅ ያጌጡ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የናሱ እባብ ነገር ያስተምረናል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሠራው፤ ከዘመናት በኋላ ሕዝቡ ዕጣን ሲያጥኑለት ግን ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነው። የተለወጠው የሰው ልብ ነው። ስለዚህ ሥዕልን አናመልክም፤ ሠዓሊው የተቀበለውን ስጦታ ግን አንንቅም። በሙዚየም ውስጥ የምናያቸውን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም፣ የእምነት ልዩነታችንን ሳንደብቅ፣ በአክብሮትና እንደ አገር ቅርስ እንያቸው። ከጎናችን የቆመው ኦርቶዶክሳዊ ወንድማችን ሲያየን ከፌዝ ይልቅ ትሕትና ይመልከትብን።

ይህ ነገር የክርክር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት አለበት። በቅርብ የማውቃቸው አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ በትዳር ኖረዋል፤ ሁለቱም ትጉ አገልጋዮች ናቸው። አንድ ቅዳሜ በነፃ ወደሚታይ የተማሪዎች የሥዕል ዐውደ ርእይ ገቡ። ባልየው ቶሎ ቶሎ አይቶ ጨርሶ በር ላይ ሲጠብቅ፣ ሚስቱ ከአንዲት ትንሽ ሥዕል ፊት አልንቀሳቀስ አለች። “ምነው ቆየሽ?” አላት። “እኔም ልጅ ሆኜ እሥል ነበር” አለችው። “ለእኔ እኮ ነግረሽኝ አታውቂም!” ሲላት፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ አስተማሪ ደብተሯን አይቶ “ይህ ለጌታ ምን ይረባል?” እንዳላትና ቤቷ ገብታ ቀዳ እንደጣለችው ነገረችው። ባልየው ምንም አልመለሰላትም። ሰኞ ማታ ግን ከሥራ ሲመለስ ደብተርና የቀለም እርሳስ ይዞላት ገባ። ዛሬ በልጆች አገልግሎት የኖኅን መርከብና የጠፋውን በግ የምትሥልላቸው እርሷ ናት።

ዐሥራ አምስት ዓመት አብሮ ኖሮ ይህን አለማወቅ ይቻላል። በየቤታችን እንዲህ ተቀድዶ የተጣለ ደብተር ስንት ይሆን? ይህን ቅዳሜ እንድታወጡ የምመክራችሁ ስለዚህ ነው። ሥዕሉ ምክንያት ነው፤ የምትፈልጉት ሰው ከጎናችሁ ቆሟል።

ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ

ከስድስት ኪሎ ወደ ታች ስትወርዱ አምስት ኪሎ አጠገብ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ይህም መግቢያው ከባድ አይደለም። ምድር ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው የሉሲ (ድንቅነሽ) ክፍል አለ። ልጆች ስለ ሰው አመጣጥ ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም፤ አትቆጧቸው። ተመራማሪዎች የሚሉትን ስሙ፤ የቤታችሁንም እምነት በፍቅር ንገሯቸው። በወላጁ ፊት ለመጠየቅ የማይፈራ ልጅ ነገ በዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሲጠየቅ አይደነግጥም። በላይኛው ክፍል የኢትዮጵያ ሠዓልያን ሥራዎች አሉ። ብዙ ጎብኚ ሉሲን አይቶ ይመለሳል፤ እናንተ ግን ደረጃውን ውጡ።

አራት ኪሎ፦ መጻሕፍትና ሻይ

አራት ኪሎ ስትደርሱ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት ታያላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት ከተማዋን ከያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። ጠዋት የሐዘኑን ሐውልት ያየ ቤተ ሰብ ከሰዓት በኋላ የድሉን ያያል። በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር አጭር ነው፤ ለወላጆቻችን ግን ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቷል። በመከራ ውስጥ ያለ ትዳር ይህን ቢያስብ ይጽናናል።

እዚሁ አካባቢ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ለሕዝብ የተከፈተ ነው፤ ለልጆችም ክፍል አለው። መጽሐፍ መግዛት የከበደበት ዘመን ነውና ልጆቻችሁን አስለምዷቸው። እነርሱ ሲያነቡ እናንተ አንድ ሰዓት በጸጥታ መቀመጥ ትችላላችሁ። ከዚያ ሻያችሁን ጠጡ፤ የዕለቱንም ነገር አንሡ።

በነፃ የሚታዩ ዐውደ ርእዮች

ከሙዚየሞቹ ሌላ በከተማችን በነፃ የሚገባባቸው የሥዕል ትርኢቶች ሁልጊዜ አሉ። የጀርመን የባህል ተቋም (ጎተ) እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአዲስ አበባ ይሠራል፤ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝም ከእርሱ የቀደመ ነው። ሁለቱም የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ የሙዚቃና የመጻሕፍት ዝግጅት ያቀርባሉ፤ አብዛኛው በነፃ ነው። የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎችም በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። አራት ዓመት የደከሙበትን ሥራ ሰቅለው በጉጉት አጠገቡ ይቆማሉ። “ይህን ስትሥል ምን አስበህ ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ ደስ ብሏቸው ያስረዷችኋል።

ለሌላ ቅዳሜ ደግሞ መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ ሲሆን መሥራቾቹ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ቤቶቹ አያቶቻችን በሚያውቁት በጭቃና በጭድ ሥራ የታነፁ ናቸው። ኤልያስ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ ሰብስቦ ሥዕል ያደርገዋል። መግቢያ ይከፈላል፤ ግቢው አትክልት ያለበት ስለሆነ ልጆች ይደሰታሉ።

ከመነሣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ስልክ ደውላችሁ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ የቅዳሜ ሰዓት ከሌላው ቀን ሊለይ ይችላል። ሁለተኛ፣ የእሑድን አምልኮ አታስቀሩበት፤ ጉዞው የቅዳሜ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ፤ ሁለት ቦታ ይበቃል። አራተኛ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ውኃ ያዙ፤ በክረምት ጃንጥላ አትርሱ። አምስተኛ፣ የዐውደ ርእይ መክፈቻ ምሽት ላይ ወይን ሊቀርብ ይችላል፤ “ለስላሳ ወይም ውኃ ካለ” ብሎ በፈገግታ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። ስድስተኛ፣ ለልጆች የማይመች ሥዕል ሊያጋጥም ስለሚችል ከወላጆች አንዱ ቀድሞ ገብቶ ይመልከት። ሰባተኛ፣ ሥዕል በእጅ አይነካም። በር ላይ የአስተያየት መዝገብ ካለ ደግሞ አንድ የሚያበረታታ ቃል ጽፋችሁ ውጡ።

በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ልማድ ልጠቁማችሁ። ከየቦታው ስትወጡ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን “ካየነው ሁሉ የትኛው ልብህን ነካው? የትኛው ልብሽን ነካው? ለምን?” ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱን አታርሙ፤ ስሙ ብቻ። ይህን ጥያቄ ከተጠያየቃችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?

ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር እንደሚናገሩ መዝሙረኛው ነግሮናል። እርሱ ውብ አድርጎ የፈጠረ፣ ለፍጥረቱም ውበትን የሚያይ ዐይን የሰጠ አምላክ ነው። እርሱ ቅዳሜያችሁን ይባርክ፤ በቤታችሁ የተዘጋውን ጨዋታ ይክፈት፤ ተቀድዶ የተጣለውንም ስጦታ ይመልስላችሁ። አሜን።